ጎርጎራ ላይ የሚጠፋብን ሞተር፦ የጥገና ማስታወሻ

ኅዳር መጀመሪያ፦ ያለን ዕቃ

ጀልባዋ የላሜራ ናት። 6 ሜትር ገደማ ትሆናለች። ሆዷ ሰፊ ነው፣ ቀለሟ ተልጧል። ሞተሩ ያማሃ ኢንዱሮ ነው፤ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ባለሁለት ስትሮክ፣ ባለሁለት ፒስተን፣ በገመድ ተጎትቶ የሚነሳ። ከአጎቴ ልጅ ጋር ተጋርተን ጀልባዋን ከነሞተሯ በ285 ሺህ ብር ገዛናት። ሥራዋ ጎርጎራ ነው። ከአጥማጆች ዓሣ ትሰበስባለች፤ እንግዳ ሲገኝ ደግሞ ማንዳባ መድኃኔዓለም ገዳም ታደርሳለች። እኛ የምንኖረው ጎንደር ነው። በአዘዞ፣ በቆላድባ አድርጎ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ቁልፍ ረስቶ መሄድ የግማሽ ቀን ኪሳራ ነው።

ችግሩ ይህ ነው። ሞተሩ ለመነሳት አያስቸግርም። ዳር ዳሩን አሥር ደቂቃ ያህል ደህና ይሄዳል። ከዚያ ጋዝ ሲጨመርለት ድምፁ እየወረደ፣ እየተንገዳገደ ይጠፋል። ትንሽ አርፎ ሲጎተት ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ደግሞ ይጠፋል።

ሻጩ «ካርቡሬተሩን ካጠባችሁት አለቀ» ብሎናል። ወደቡ ላይ የጠየቅነው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። እዚህ አገር ሞተር ከጠፋ ጥፋተኛው ካርቡሬተር ነው፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ይፈረድበታል። የዚህ ሞተር ካርቡሬተር ስንት ጊዜ ተከፍቶ እንደተዘጋ የቡሎኖቹ ጥርስ ይናገራል። ጭንቅላታቸው በካቻቢቴ ተበልቶ አልቋል።

አዘዞ ያለው መካኒካችን በስልክ ሌላ ነገር ነው ያለን። «ዝም ብላችሁ እንዳትፈቱት። መጀመሪያ እንዴት እንደሚጠፋ ጻፉልኝ። ቀስ እያለ ከጠፋ ነዳጅ ጎድሎታል። ድርግም ብሎ ከጠፋ እሳት አጥቷል።»

ስለዚህ አንድ የተማሪ ደብተር ጀልባዋ ውስጥ ገባ፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ። በጠፋ ቁጥር የምንጽፈው ምን ያህል ጋዝ ላይ እንደነበር፣ ቀስ ብሎ ነው ወይስ ድርግም፣ ወዲያው ተነሳ ወይስ አስጠበቀ የሚለውን ነው። አብዛኛው መስመር «ቀስ» ነው የሚለው። አልፎ አልፎ «ድርግም» የሚልም አለ። ለጊዜው ብዛት ያለውን ተከትለን ነዳጁን ያዝን።

ኅዳር አጋማሽ፦ ጀሪካኑ

ሻጩ የሞተሩን የራሱን ሰርባቶዮ (የነዳጅ መያዣ) ለብቻው ሸጦት ኖሯል። ለእኛ የሰጠን ባለ20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ነው። ክዳኑን በስቶ ቱቦ አስገብቶበታል፤ ዙሪያውን በማስቲሽ ደፍኖታል። ጠብታ አያፈስም። ጣጣውም እሱ ነው። ነዳጁ ሲወጣ በቦታው አየር የሚገባበት ቀዳዳ ከሌለ ጀሪካኑ ውስጥ ያለው ግፊት እየወረደ ይሄዳል። የሞተሩ ፓምፕ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ከዚያ በላይ መሳብ አይችልም። ሞተሩ ይራባል። ቆመን ስንጠብቅ አየር በክዳኑ ጥርስ በኩል ትንሽ በትንሽ ይገባል፤ ካረፈ በኋላ የሚነሳው ለዚህ ነው።

ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገም። ሊጠፋ ሲንገዳገድ ጀሪካኑን አየነው። ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቷል። ክዳኑን ላላ ስናደርገው «ሽው» አለ፤ ጀሪካኑም ቧ ብሎ ወደ ቅርጹ ተመለሰ። ሞተሩ ሳይጠፋ ቀጠለ።

ጀሪካኑን መብሳት ይቻል ነበር። ግን ማዕበል ሲመታ ቤንዚን ይረጫል፣ ዝናብም ይገባል። ከባሕር ዳር ያገለገለ የላስቲክ ሰርባቶዮ አስመጣን፤ 24 ሊትር፣ 9,000 ብር። ክዳኑ ላይ አየር ማስገቢያ ብሎን አለው። ሲሄዱ መክፈት፣ ሲያጓጉዙ መዝጋት ነው። ክዳኑ ላይ በቀይ ቀለም «ክፈት» ብለን ጻፍንበት፤ ምክንያቱም ጀልባዋን ሁለት ሦስት ሰው ነው የሚነዳት።

ለውጡ ትልቅ ነበር። አሁን ግማሽ ሰዓት ያህል ትሄዳለች። ከዚያ ግን እንደገና ቀስ እያለ ይጠፋል።

ኅዳር መጨረሻ፦ ኳሷ እና ቱቦው

ከሰርባቶዮው ወደ ሞተሩ በሚሄደው ቱቦ ላይ በእጅ የምትጨመቅ የጎማ ኳስ አለች። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነዳጅ የምትሞላው እሷ ናት። ለምርመራም ከእሷ የተሻለ የለም። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ያያት ሰው ግማሹን ነገር ያውቃል። ተጨራምታ ከተጠፈጠፈች መታፈኑ ከእሷ በፊት ነው፤ ሰርባቶዮው አየር አጥቷል ወይም የመምጠጫው ወንፊት ተደፍኗል። ለስላሳ ሆና ስትጨመቅ ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ደግሞ፣ ወይ ፓምፑ ደክሟል ወይ መንገድ ላይ አየር እየገባ ነው።

የእኛዋ ለስላሳ ናት። የአጎቴ ልጅ ሲጨምቃት ሞተሩ ይሄዳል፣ ሲተዋት ይጠፋል። በዚህ ዘዴ ዳር ድረስ መጥተናል። እጁ ዛለ፣ ግን ጀልባዋን በመቅዘፊያ ከመግፋት ይሻላል።

አየር ይገባ እንደሆነ ለማየት ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበትን ግልጽ ቱቦ ቆርጠን መስመሩ ውስጥ አስገባን። ሜትሩ 80 ብር ነው። ለምርመራ ብቻ ነው፤ ቤንዚን ስለሚያደርቀው እዚያው መተው አይገባም። ሞተሩን አስነሳን፤ አረፋ በሰልፍ ያልፍ ጀመር። ቱቦውን ቁራጭ በቁራጭ እያዛወርን ስናይ አረፋው የሚጀምረው ቱቦው ሰርባቶዮው ላይ ከሚሰካበት ጫፍ ነው። ውስጡ ያለችው ኦሪንግ (አየር እንዳይገባ የምታሽገው የጎማ ቀለበት) ተሰነጣጥቃለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያዋን ምትክ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ በ20 ብር ገዛናት። ቤንዚን ውስጥ ስትውል አብጣ ቦታዋን ለቀቀች። የውሃ ጎማ ቤንዚን አይችልም። ፒያሳ አካባቢ የናፍጣ ፓምፕ ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ነዳጅ የሚችለው ዓይነት ተገኘ። ዋጋው 150 ብር ነው፤ እስካሁን ደህና ናት።

ቱቦውንም ቀየርነው። አሮጌውን ለሁለት ስንሰነጥቀው የውስጥ ሽፋኑ ተላቆ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ነዳጅ በኃይል ሲሳብ ምላሱ መንገዱን ይዘጋል፤ ሲያርፍ ይከፍታል። አዲስ ባለ8 ሚሊ ሜትር የቤንዚን ቱቦ፣ 3 ሜትር፣ 900 ብር። ቱቦውን የሚያጠብቁትን ፋሸታዎች በአዲስ ለወጥን። አዲሷ ኳስ 1,800 ብር ነች። ላይዋ ላይ ቀስት አላት፤ ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማየት አለበት።

በዚያው ነዳጁን ራሱን ፈተንነው። ቤንዚን እንደልብ ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ የምንገዛው መንገድ ላይ በሃይላንድ ከሚሸጡት ነው። ከገዛነው ላይ በጠርሙስ ቀድተን አሳደርነው። ጠዋት ከሥር ጣት የምታህል የጠራች ውሃ ተኝታለች። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ይዘቅጣል፤ የሰርባቶዮው መምጠጫም ከሥር ነው የሚጠጣው። አሁን ነዳጅ ስንገዛ ጀሪካን ውስጥ እናሳድረዋለን፣ ከላይ በቱቦ እንስባለን፣ የታችኛውን ለሞተር አንሰጥም። ከኳሷ በፊት ደግሞ ውስጧ የሚታይ የመኪና ፊልትሮ ገባች። ዋጋዋ 450 ብር ነው። የባጃጇ ርካሽ ነበረች፤ ግን ቀዳዳዋ ጠባብ ነው።

ታኅሣሥ፦ አዘዞ፣ በርሜሉ ላይ

መስመሩ ንጹሕ ከሆነ በኋላም ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው ቀስ ብሎ ሲዞር) ሲቀመጥ ይጠፋል። ወደ ወደቡ ሲጠጉ ጋዝ ይቀነሳል፤ ልክ ያኔ ይጠፋና ጀልባዋ በራሷ ሄዳ ድንጋዩን ትስማለች። አሁን ካርቡሬተሩን ለመክፈት ምክንያት አለን። ሞተሩን ፈትተን በባጃጅ ጭነን አዘዞ መካኒካችን ግቢ አመጣነው።

ሞተሩ ያለ ውሃ መሥራት የለበትም። የውሃ ፓምፑ ጎማ በደረቅ ከዞረ በደቂቃ ይቃጠላል። ስለዚህ ባለ200 ሊትር በርሜል ያስፈልጋል፤ በርሜሉ ደግሞ ውሃ ይፈልጋል። ጎንደር ላይ በርሜል መሙላት ማለት ምን እንደሆነ የጎንደር ሰው ያውቃል። ጎረቤት ያሉት እትዬ ከአጥር ማዶ ሆነው «እኛ የምንጠጣው አጥተን እናንተ ለሞተር ገላ ታጥባላችሁ?» አሉን። የተረፈውን ለአትክልታቸው ልንሰጥ ቃል ገብተን ነበር፤ ውሃው ዘይት ጠጥቶ ስለወጣ አልሆነም። ሁለት ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ገዝተን ካስናቸው።

በርሜል ላይ ሲፈተን ኤሊካውን (ውሃ ውስጥ እየዞረ ጀልባዋን የሚገፋውን) ማውለቅ ነው፤ አለዚያ ውሃውን ግቢው ላይ ይረጨዋል። ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሸክም ስለሌለበት ሐይቅ ላይ የሚጠፋው ጥፋት በርሜል ላይ ላይታይ ይችላል። ለሚኒሞ ግን በቂ ነው።

መጀመሪያ ካንዴላዎቹ (ሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚሰጡት) ወጡ። አንዱ 7 ቁጥር፣ ሌላው 5 ቁጥር ነው። ኤንጂኬ በሚባለው የካንዴላ ዓይነት ላይ ቁጥሩ ሲያንስ ካንዴላው ሙቀት ይይዛል። ባለሁለት ስትሮክ ሞተር ላይ ይህ ፒስተን እስከ መብሳት ያደርሳል። ሁለቱም ጫፋቸው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ዘይት የለበሰ ነው። አዲስ ሁለት 7 ቁጥር በ1,400 ብር ገዛን።

ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበትን ግፊት) በተዋስነው መለኪያ ለካን። ላይኛው 95፣ ታችኛው 92 ፒኤስአይ። መካኒኩ ሲያይ ፈገግ አለ። እኔ መመሪያ ላይ ካየሁት ያነሰ ስለመሰለኝ ደንግጬ ነበር። «ጋሼ፣ አላነሰም?» ስለው፣ «አንተ ያነበብከው ባሕር ዳርቻ ላይ የተለካውን ነው፤ ይህ ጎንደር ነው። አየሩ ራሱ ቀጭን ነው። ዋናው የሁለቱ መቀራረብ ነው» አለኝ። ልክ ነው። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። ፒስተኑ የሚጨምቀው አየር ከመነሻው ትንሽ ነው።

ቤንዚኑ ውስጥ የሚደባለቀው የዘይት መጠንም ጉድ ነበር። ሻጩ «በ20 ሊትር አንድ ሊትር ዘይት» ብሎናል። ሞተሩ ላይ የተለጠፈው 50 ለ1 ይላል፤ ለ20 ሊትር 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ከእጥፍ በላይ ስናጠጣው ነበር። ዘይት ሲበዛ ጭሱ ብቻ አይደለም የሚበዛው። ዘይቱ የቤንዚኑን ቦታ ስለሚይዝ ለአየሩ የሚደርሰው ቤንዚን ያንሳል፤ ካንዴላውም ይቆሽሻል። ዘይቱም የሞተር ሳይክል ቱ-ቲ ነው። እሱ በንፋስ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው። በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ቲሲ-ደብልዩ3 የሚል ምልክት ያለበት ነው የሚሻለው። ጎንደር አጣን፤ ባሕር ዳር በሊትር 1,100 ብር ተገኘ።

ካርቡሬተሩ። ሳህኑ ሲወርድ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ወጣ፤ ውሃ ተኝቶ አሉሚኒየሙን የበላው ነው። ዳር ዳሩ ላይ ቤንዚኑ ተንኖ የቀረ ዘይት እንደ ማር ወፍሯል። ለሚኒሞ ነዳጅ የሚሰጠው ቀዳዳ ከፀጉር ብዙም አይሰፋም። ወደ ብርሃን ይዘን ስናየው ጨለማ ነው። ቀዳዳውን በመርፌ መጎርጎር አይገባም፤ ትንሽ እንኳ ከሰፋ ልኩ ይበላሻል። ሳህኑንና የነሐስ ቁራጮቹን ቤንዚን ውስጥ አሳደርናቸው። ከኤሌክትሪክ ገመድ ላይ አንዲት የመዳብ ክር መዘን አሳለፍን። ከዚያ ጎሚስታ ቤት ወስደን በኮምፕሬሰር አስነፋነው። ጎሚስታው ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ዓሣ አስታውሱኝ አለ። አልረሳነውም፤ አንድ ደህና አምባዛ ደርሶታል።

የነዳጅ ፓምፑ ቀጭን ሽፋን ደርቆ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ይህ ሽፋን በሞተሩ ሆድ ውስጥ በሚፈጠረው ግፊት እየተርገበገበ ነው ነዳጅ የሚስበው። ሲደርቅ መርገብገብ ይተዋል። ከአዲስ አበባ የካርቡሬተርና የፓምፕ ሙሉ ጓርኒሲዮን (የማሸጊያ ስብስብ) አስመጣን። በአውቶቡስ ተልኮ፣ ከነመላኪያው 7,200 ብር። እስካሁን ካወጣነው ከሰርባቶዮው ቀጥሎ ውዱ እሱ ነው።

ሲገጠም የሚኒሞ ማስተካከያዋን ብሎን ከመፍታታችን በፊት እስክትቆም አጥብቀን ስንት ዙር እንደሆነች ጽፈን ነበር። በዚያው መለስናት። ሞተሩ በርሜሉ ላይ ተነሳ፤ ሚኒሞ ላይ ሩብ ሰዓት ቆመ፣ አልጠፋም። ግን ይጨሳል፣ አልፎ አልፎም ያንቃል። ካርቡሬተር የሚለካው ነዳጅን ነው፤ አየሩ ቀጭን ሲሆን ነዳጁ ይበዛበታል። ብሎኗን ሩብ ሩብ ዙር እያደረግን ድምፁ እስኪጠራ ፈለግን። መካኒኩ የመጨረሻውን ልክ እዚህ አትጨርሱት አለ። ጣና ከጎንደር ዝቅ ይላል፤ ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ልዩነት አይደለም፣ ግን ጎርጎራ ላይ ትንሽ መመለስ አስፈልጎናል። ጉልበቱን በተመለከተ ደግሞ ተስፋ አታብዙ። በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 15 ፈረስ ብለን የገዛነው እዚህ ከ12 ብዙ አይበልጥም።

ጥር፦ ሐይቁ ላይ

ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ሥራ የሚባል ነገር አይታሰብም። ጋራዡም ተዘጋ፣ ባጃጁም ለእንግዳ ሆነ። ሞተሩ ጎርጎራ የተመለሰው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው።

ሄደች። ጥሩ ሄደች። ሚኒሞ ላይ ቆመች፣ ጋዝ ስትሰጥ ተነሳች። ዓሣ መሰብሰብ ጀመርን። ቆሮሶው በርከት ያለበት ሰሞን ስለነበር አንዳንድ ቀን የነዳጇን ችላለች።

ከዚያ ከእምቦጭ ጋር ተገናኘን። እምቦጭ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ የታየው ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ነው። ዝናቡ እንዳለፈ ነው የሚበረታው፤ በጥርም ግን ንፋስ ያመጣው ክምር አይጠፋም። ኤሊካው ላይ ሲጠመጠም ያው ይታያል፤ ሞተሩን ቀና አድርጎ መቁረጥ ነው። የማይታየው የውሃ መሳቢያው ወንፊት ላይ የሚለጠፈው ሥር ነው።

የጀልባ ሞተር ሲሠራ ከኋላው ቀጭን ውሃ ይረጫል። ወደቡ ላይ «እየሸና ነው?» ብለው ነው የሚጠይቁት። የእኛው እየተንጠባጠበ ነበር። ሞተሩ ሽፋን ላይ እጅ አያሳርፍም። ሲግል ጉልበቱ እየወረደ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ደብተሩ ላይ «ቀስ» ብለን ጻፍን። ኳሷን ብንጨምቃት ግን ለውጥ የለም። የመካኒኩ ሕግ ጥሩ ነው፣ ግን ሙቀትም ቀስ ብሎ ነው የሚያጠፋው። ደግነቱ ቶሎ አቆምነው፤ ባለሁለት ስትሮክ ሲግል ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ይጣበቃል።

የታችኛውን ክፍል ፈታን። ጥቂት ቡሎኖች ናቸው፤ ከመውጣታቸው በፊት በዘይት ማራስ ያስፈልጋል። ውስጥ ያለችው ኢምፔለር የምትባል ባለክንፍ ጎማ ክንፎቿ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ታጥፈው ቀርተዋል። ጫፋቸው ተበልቷል። የመገጭ ወንዝ ከጎንደር ወገን ተነስቶ ጎርጎራ አጠገብ ነው ሐይቁ የሚገባው፤ ይዞት የሚመጣው ደለል ለዚህች ጎማ ብርጭቆ ወረቀት ነው። አዲሷ 3,200 ብር ነች። ስትገባ በሰዓት አዟዟር አቅጣጫ እያዞሩ ነው የሚከቷት፤ ክንፎቿ በሚሠሩበት አቅጣጫ እንዲታጠፉ። የሚረጭባትን ቀዳዳም በሽቦ ጠረግናት፤ ጭቃ ሞልቷት ነበር። አሁን የሚረጨው ውሃ ጠንካራ ነው።

የካቲት፦ ድርግም

«ቀስ» የሚለው ከደብተሩ ጠፋ። የቀረው ያ ችላ ያልነው «ድርግም» ነው። ድሮ በብዙ «ቀስ» መሃል ተሸፍኖ ነበር፤ አሁን ብቻውን ቆሞ ታየ። ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ እየሄደ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንደተነካ ዝም ይላል። ሲጎተት ወዲያው ይነሳል።

ቦቢና (ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው) ነው የሚል መጣ። ቦቢና ሲግል የሚያቋርጥበት ጊዜ አለ፣ እውነት ነው። ግን እንዲህ ያለው ቦቢና እስኪቀዘቅዝ አይነሳም፤ የእኛው ወዲያው ይነሳል። አንድ ባለሱቅ ያገለገለ ቦቢና በ14 ሺህ ብር ሊሸጥልን ነበር። አልገዛንም።

ፍንጩ የመጣው ከቀልድ ነው። ወደቡ ላይ ታንኳቸውን የሚጠግኑ ሽማግሌ አሉ። እየደጋገምን ስንቆም ከዳር ሆነው ያዩናል። «ልጆቼ፣ ይህ ሞተር ወደ ማንዳባ ስትታጠፉ ብቻ ነው የሚጠፋባችሁ። ወይ ንስሐ ግቡ ወይ ጸበል አስረጩት» አሉን። ሰው ሁሉ ሳቀ። የአጎቴ ልጅ ግን ደብተሩን ገለጠ። እንዲያው ነው። «ድርግም» ያልንባቸው ጊዜያት አብዛኞቹ ወደ ገዳሙ ስንታጠፍ ናቸው። ወደዚያ ለመታጠፍ የመሪውን እጀታ ከደረት አርቆ ጥግ ድረስ መግፋት አለ።

በርሜሉ እንደገና ሊሞላ ነው ብለን እትዬን ፈርተን ነበር፤ ጎርጎራ ላይ ውሃ ሞልቷል፣ ጀልባዋን እዚያው ዳር አስረን ሠራነው። ሞተሩን አስነስተን ሚኒሞ ላይ ተውነው። እጀታውን ጥግ ድረስ ገፋነው። ድርግም። መለስነው፣ ተነሳ። ገፋነው፣ ድርግም።

ያማሃ ላይ ከማጥፊያው ቁልፍ የሚመጣ ነጭ ሽቦ አለ። ሥራው ቀላል ነው። ነጩ ሽቦ ማሳ (የሞተሩን ብረት) ሲነካ እሳቱ ይቋረጣል፤ ሞተሩ የሚጠፋው በዚህ ነው። ነጩን ነቅለን አስነሳነውና እጀታውን እንዳሻን አገላበጥነው። አልጠፋም። (ሽቦው ሲነቀል ቁልፉ አያጠፋም፤ ቾኩን ስቦ አፍኖ ማጥፋት ነው። እንዲህ አድርጎ መጓዝ ደግሞ አይሞከርም።) ቴስተር ይዘን አንዱን ጫፍ በነጩ ሽቦ፣ አንዱን በማሳ አድርገን እጀታውን ስንገፋ ጮኸ።

ሽቦው እጀታው ከሞተሩ ጋር በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ተቆንጧል። ሽፋኑ ተልጦ መዳቡ ይታያል። እጀታው ጥግ ሲደርስ መዳቡ ብረቱን ይነካል። ከዚህ በፊት የፈታው ሰው ሽቦውን አሳጥሮ ነው የመለሰው፤ ሲታጠፍ ይወጠራል። አዲስ ሽቦ ረዘም አድርገን፣ መታጠፊያው ላይ ላላ ቀለበት ትተንለት፣ ጫፎቹን በብየዳ ቆርቆሮ በየድናቸውና ላስቲክ ሽፋን አለበስናቸው። ሁሉም ነገር 300 ብር አልፈጀም።

እዚያው ቁልፉ ላይ ሌላ ነገር አየን። ነጂው ወገቡ ላይ የሚያስረው የማጥፊያ ገመድ የለም። በቦታው ከጀሪካን የተቆረጠ ላስቲክ ተሰክቷል። ይህን ሐይቁ ላይ ብዙ ሞተር ላይ አይቻለሁ፤ እንደ ብልሃትም ነው የሚቆጠረው። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ጀልባዋ ኤሊካዋን እያዞረች ወደ እሱ ልትመለስ ትችላለች። እውነተኛውን ገመድ 1,500 ብር ገዛን። የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ላይ «ውሻ አደረጋችሁኝ» እያለ ያጉረመርም ነበር። አሁን ራሱ ነው ለሌላው የሚያስረው።

መጋቢት፦ አሁን ያለበት

ከሽቦው ወዲህ አልጠፋም። ወደ ማንዳባም ታጥፈናል፤ ሽማግሌው «ጸበሉን ከየት አገኛችሁ?» ይላሉ።

ወጪውን ደብተሩ ጀርባ ላይ ደምረነዋል። ሰርባቶዮ 9,000፣ ጓርኒሲዮን 7,200፣ ኢምፔለር 3,200፣ ኳሷ 1,800፣ የማጥፊያ ገመድ 1,500፣ ካንዴላ 1,400፣ ዘይት 1,100፣ ቱቦ 900፤ ከዚያ ፊልትሮ፣ ኦሪንግ፣ ሽቦና የመሳሰለው ትናንሽ። የመካኒኩ እጅና የባጃጁ ጭነት ሲጨመር ከ40 ሺህ ብር ትንሽ ያልፋል። ውዱ ዕቃ ጓርኒሲዮኑና ሰርባቶዮው ቢሆንም፣ ብዙ ጊዜ የበላብን ርካሹ ሽቦ ነው።

ጀልባዋ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ትርፍ ካንዴላ፣ የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትርፍ ኦሪንግ፣ ለእምቦጭ ቢላዋና ሁለት መቅዘፊያ ነው። ከሰዓት በኋላ የጣና ንፋስ ስለሚነሳ መቅዘፊያውን አራግፈን የምንሄድበት ቀን አይኖርም።

ያልተጨረሰው የጊሩ ነው። ኢምፔለሯን ስንቀይር የጊር ዘይቱን አውርደን ነበር፤ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ይመስላል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። የኤሊካው ዘንግ ላይ ያለው ፓራውሊ (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃም እንዳይገባ የሚያሽገው ጎማ) አርጅቷል፤ ጀርባው ላይ የተጠመጠመ የመረብ ክርም አግኝተናል። አዲስ ዘይት ሞልተን እየሠራንበት ነው፤ በየሳምንቱ የታችኛውን ብሎን ላላ አድርገን መጀመሪያ ውሃ ይወጣ እንደሆነ እናያለን። ፓራውሊው ከአዲስ አበባ ታዟል። ዕቃው ሲደርስ ሞተሩ አዘዞ ይመጣል፤ በርሜሉን ለመሙላት ከአሁኑ ወረፋ ይዘናል።